ዕድራችን የሚጠራን ለለቅሶ ብቻ ነው ወይ?

(ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የሰፈር ዕድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። በስልክ ከተቀዳው ነው የገለበጥኩት፣ ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን አደራችሁ?

ይመስገን! ግን ድምፃችሁ ቀዝቀዝ ብሏል። ብርዱ ነው መሰለኝ። የኅዳር ጠዋት እንዲህ ነው እንግዲህ። ጋቢያችሁን ሰብሰብ አድርጉ፣ ብዙ አላቆያችሁም። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ብዙ እንደሚያቆያችሁ ታውቃላችሁ፣ ቢሆንም ልሞክር።

የተከበሩ የዕድራችን ዳኛ፣ ጸሐፊያችን፣ ገንዘብ ያዣችን፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ። አጀንዳው ላይ «ስለ ጤና አጭር ትምህርት፣ በስፖርት መምህሩ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ስለ ጨውና ስለ ደም ግፊት ላወራ የጠበቃችሁ ካላችሁ ይቅርታ። ዛሬ የማወራው ስለ ጨዋታ ነው። ስለ ልጆቻችሁ ጨዋታ አይደለም። ስለ እናንተ ነው። እማማ፣ እርስዎን እኮ ነው የማየው!

ሳቃችሁ። ለምን ሳቃችሁ? አንድ የስልሳ ዓመት ሰው ሜዳ ላይ ኳስ ሲያባርር ብታዩ «ምን ነካው?» ትላላችሁ። ያው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ስለ ዕዳው ሲገላበጥ ቢያድር ግን ማንም ምን ነካው አይለውም። «ኃላፊነት የሚሰማው ሰው» ይባላል።

ሦስት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ መቀመጥ ሁሉ ዕረፍት አይደለም። ሁለተኛ፣ አባቶቻችን ይጫወቱ ነበር፣ የተውነው እኛ ነን። ሦስተኛው ለዚህ ዕድር የማቀርበው ጥያቄ ነው፣ እሱን ወደ መጨረሻ።

እሺ፣ አንደኛው። ከሥራ ስትገቡ ምን ታደርጋላችሁ? ሶፋው ላይ ዘፍ። ስልክ ይወጣል። አንዱን ቪዲዮ ሳይጨርሱ ሌላው፣ እሱን ሳይጨርሱ ሌላው። እንቅልፍ እስኪመጣ። ያን ሁሉ ሰዓት ግን ከአለቃችሁ ጋር የተባባላችሁት ነገር፣ የቤት ኪራዩ፣ የልጁ ውጤት፣ ሁሉም እዚያው ጭንቅላት ውስጥ እየተንገዋለለ ነው። ወገባችሁ ተቀምጧል፣ ሐሳባችሁ ግን ገና ከቢሮ አልወጣም። እና ጠዋት ስትነሱ «አሁንስ ምን እንደሚያደክመኝ አላውቅም» ትላላችሁ።

ጨዋታ ሌላ ነው። ኳስ ወደ እናንተ ስትመጣ ስለ ዕዳ ማሰብ አይቻልም። ሞክሩት! ወይ ኳሷን ታያላችሁ ወይ ታመልጣችኋለች። ጨዋታ ሕግ አለው፣ ተጋጣሚ አለው፣ ማሸነፍና መሸነፍ አለው፣ ሲያልቅ ግን ማንም ምንም ይዞ አይሄድም። ያ ነው ትልቁ ነገር። በቀን ውስጥ ከምንሠራው ሁሉ ብንሳሳትበት የማንቀጣበት ሥራ ስንት አለን?

አንድ መሥሪያ ቤት ልንገራችሁ፣ ስሙ ይቅር። ዕቃ ግምጃ ቤታቸው ውስጥ የጠረጴዛ ቴኒስ ጠረጴዛ ነበር። ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። አሮጌ ዶሴ ተቆልሎበት፣ አቧራ ጠጥቶ፣ አንዱ እግሩ በጡብ ተደግፎ። ስለ እንቅስቃሴ ላስተምራቸው ሄጄ አየሁትና ኃላፊውን ለመንኩ። ዶሴውን አነሳን። መረብ ስላልነበረው ራሳቸውን ዶሴዎቹን መሃሉ ላይ አቁመን መረብ አደረግናቸው። የሻይ ሰዓት ላይ ይጫወታሉ። መጀመሪያ ወጣቶቹ ብቻ ነበሩ። ሒሳብ ክፍል ያሉ አንዲት እናት በር ላይ ቆመው ሻያቸውን ይዘው ያያሉ፣ ግቡ ሲባሉ «እኔ? ደግ ነህ ልጄ?» ይላሉ። አንድ ቀን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ገቡ። ከዚያ በኋላ ማን ያስወጣቸው!

የነገርኳችሁ ግን ለእሳቸው ብዬ አይደለም። እዚያው ቤት በአበል ዝርዝር ምክንያት ለረጅም ጊዜ የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሰላምታ እንኳን የለም። ተራ ደረሰና ተገጣጠሙ። ዝም ብለው ይመታሉ፣ ነጥቡን ሌላ ሰው ይቆጥራል። ኳሷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ላጥ አድርጋ ወደቀች። ነክታለች፣ አልነካችም፣ የሚያየው ሁሉ ጮኸ። ያኛው ሰውዬ ራኬቱን ዝቅ አድርጎ «ነክታለች፣ ነጥቡ ያንተ ነው» አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የመጀመሪያው ንግግራቸው ይሄ ነው። ከዚያ ታረቁ ብዬ አልዋሻችሁም፣ በአበሉ አሁንም ይከራከራሉ። ግን እየተነጋገሩ ነው የሚከራከሩት።

ቁጥር ለምትወዱ ቁጥር ልስጣችሁ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በ2013 ዓ.ም. አብረው ያወጡት ጥናት አለ። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ሲነጻጸር፣ በስትሮክ የመመታት አደጋው 35 በመቶ ገደማ፣ በልብ ደም ሥር በሽታ የመሞት አደጋው ደግሞ 17 በመቶ ገደማ ይበልጣል። 55 ሰዓት ብዙ ይመስላችኋል? ባለሱቁ ወንድሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከፍተህ ማታ 3 ሰዓት የምትዘጋው፣ ስድስት ቀን ብቻ ብትሠራ እንኳን 90 ሰዓት ነው። ዘጠና! ያው የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ጂም ግቡ አላለም። ገመድ መጎተትም፣ እስክስታም፣ ኳስም ይቆጠራል። ከ65 ዓመት በላይ ለሆናችሁ ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ ጨምሩ ይላል፣ እንዳትወድቁ።

ፋብሪካ የምትሠሩ ልጆችም አላችሁ እዚህ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን ታውቁታላችሁ? አዋጅ ቁጥር 1156/2011። በሰባት ቀን ውስጥ ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት። በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ። ሥራ ላይ እያለህ ፈቃድህን በገንዘብ መለወጥ ደግሞ አይፈቀድም። «ልሽጠው» የምትል ካለህ፣ ሕጉ አስቀድሞ ያወቀህ ይመስላል።

ወደ ሁለተኛው እንሂድ።

አባቴ መንዝ ውስጥ የገበሬ ማህበር ሊቀመንበር ነበር። የሚፈራ ሰው ነው። ሲስቅ አናየውም። እኛ ልጆቹ ድምፁን ስንሰማ ከግቢ እንወጣለን። ይሄ ሰው ግን ታህሣሥ ሲገባ ጫካ ወርዶ ጫፉ የቆለመመ የወይራ እንጨት ይቆርጣል። ልጦ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ይሰቅለዋል። በየማታው ያወርደዋል፣ በመዳፉ ያሸዋል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያነጣጥርበታል፣ መልሶ ይሰቅለዋል። እናቴ «ሰውዬው ሊያገባ ነው እንዴ?» ትላለች።

የገና ዕለት ከሰዓት፣ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ይወጣል። የተጫዋች ቁጥር የለም፣ የሜዳ ልክ የለም። ሩሯ፣ ኳሷ ማለት ነው፣ የሄደችበት ሁሉ ሜዳ ነው። አባቴ ጫማውን አውልቆ፣ እየጮኸ፣ በግጥም እየተሰደበና እየተሳደበ ይሮጣል። አንድ ዓመት አንድ ሰውዬ ቅልጥሙ ላይ አቀመሰው። ይሄ ሰውዬ ደግሞ በቅርብ በከብት ጉዳይ አባቴ የቀጣው ነው። ሆን ብሎ ይሁን አይሁን እግዜር ይወቀው፣ እኔ ግን ሆን ብሎ ነው እላለሁ። ሰው ሁሉ ቀጥ አለ። አባቴ መሬት ላይ ተቀምጦ እግሩን ይዞ ሲስቅ፣ ሲስቅ፣ ዕንባው እስኪወርድ ሲስቅ አየሁት። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ! ማታ እናቴ በጨው ውኃ እግሩን እያሸችለት እሱ ይደጋግመዋል፣ «አገኘኝ እኮ! አገኘኝ!» እያለ።

ያን ጨዋታ ማን ከለከለን? ማንም። ቀኑ አሁንም አለ። እኛ ግን በዚያ ቀን ሥጋ በልተን ቴሌቪዥን ፊት እንተኛለን።

እናቶችስ? የእናቶች ይብሳል። ወንዱ ቢያንስ ዳማ ይጫወታል፣ ከረምቡላ ቤት ይቆማል። ሴቷ ከተዳረች ወዲህ ማን ጨዋታ አሳያት? በቀደም ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። መብራት ጠፋ። የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ያጉረመርማል። አንዲት ጎልማሳ ሴት ጆንያዋ ላይ እንደተቀመጠች አምስት ጠጠር ለቀመችና ቅልሞሽ ጀመረች። አንዱን ወደ ላይ ትወረውራለች፣ እሱ ሳይወርድ ከመሬት ሁለቱን ጠራርጋ ታነሳለች፣ የሚወርደውን ቀልባ ትይዛለች። እጇ ዱቄት ነው፣ ጣቷ ግን አልረሳም። አጠገቧ ያለችው «ሦስቱን አንሺማ!» አለቻት። ቀጥላ ራሷ ተቀመጠች። መብራት ሲመጣ «ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ» ያሉት እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብኝ። ቤቲንግ ጨዋታ አይደለም። ወጣቶች፣ አትቆጡኝ። ቲኬቱን ጨብጦ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ኳሱን አያይም፣ ብሩን ነው የሚያየው። አረቄ ቤትም ያው ነው። የአገራችንን አረቄ ስም አላጠፋም፣ ግን ጠጥቶ መርሳትና ተጫውቶ መርሳት ጠዋት ላይ ይለያሉ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የምትሉትን አውቃለሁ። «በዚህ ጊዜ? ኑሮው እንዲህ ሆኖ፣ አገሩ እንዲህ ሆኖ፣ ከቤቱ ተፈናቅሎ የመጣ ሰው ከተማችን ውስጥ ሞልቶ፣ ጨዋታ?» ትላላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ረዘም ይላል።

ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ሐኪም ነበር። አይሁዳዊ ነው፣ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ እንግሊዝ አገር ገባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስቶክ ማንድቪል የሚባል ሆስፒታል ውስጥ አከርካሪያቸው የተመታ ወታደሮችን እንዲያክም ተሰጠው። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቁስለኛ ብዙ አይኖርም ተብሎ የሚተው ነበር። ሕመምተኞቹ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ምርኩዛቸውን ገልብጠው እንጨት ሲመቱ አየ ይባላል። ምርኩዝ ገልብጦ መምታት! የኛ ገና አይደል ይሄ? ሐኪሙ ቁም ነገር አድርጎ ያዘው። ጨዋታን ከሕክምናው ጋር አንድ አደረገው። እንደ እኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1940፣ የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 16 ሕመምተኞችን ቀስት አስወረወረ። የዛሬው ፓራሊምፒክ ከዚያ ነው የመጣው። እነዚህ ሰዎች ጊዜው ተመችቷቸው አይደለም የተጫወቱት። ከጦርነት ነው የመጡት፣ እግራቸው አይሰማም።

እዚያው ሆስፒታል ማን እንደገባ ታውቃላችሁ? አበበ ቢቂላ። የኛው ሰው። ከዚህ ብዙም የማይርቀው መንዲዳ አጠገብ፣ ጃቶ ነው የተወለደው፣ በ1924። ልጅ ሆኖ ገና ይጫወት ነበር። ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮ ላይ ደግሞ በጫማ እንዳሸነፈ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ1961 መኪናው ተገልብጦ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በዓለም ላይ በእግሩ የታወቀ ሰው እግሩን አጣ። እስኪ አስቡት። «በቃኝ» ቢል ማን ይፈርድበታል?

አበበ ግን በ1962 እንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ውድድር ላይ ቀስትና የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ። በሚቀጥለው ዓመት ኖርዌይ በክብር እንግድነት ጠራችው። ተቀምጦ ያጨብጭብ ብለው ነው የጠሩት። እሱ ገብቶ ተወዳደረ። በውሻ በሚጎተት የበረዶ መንሸራተቻ ውድድርም አሸነፈ! የመንዲዳ ልጅ፣ በረዶ ላይ፣ በውሻ! እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ከሮሙ የማያንስ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ማንም ግድ ብሎት አይደለም፣ ወርቁን ጠግቦታል። መጫወት ፈልጎ ነው።

እሺ። ሦስተኛው። የመጣሁበት ጉዳይ።

ሰው ለብቻው «ከእንግዲህ እጫወታለሁ» ቢል አይጫወትም። እኔ የስፖርት መምህር ነኝ፣ ስንት ሰው መስከረም ላይ ቱታ እንደሚገዛ፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ ቱታው ፒጃማ እንደሚሆን አውቃለሁ። ሥራ ሁልጊዜ ይቀድማል። ስለዚህ ቀን ያስፈልገዋል፣ የቀኑም ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ይሄን ደግሞ ከመንዝ የበለጠ ማን ያውቃል? ጓሳን፣ ያን የመንዝ ደጋ የሣር ምድር፣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አባቶቻችን የጓሳን ሣር ለዓመታት ይዘጉት ነበር። ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት። አይታጨድም፣ ከብት አይገባም። የሚከፈትበትን ቀን የሚወስነው ማህበሩ ነበር፣ አባ ቄራ የሚባል ኃላፊም ነበረው። ጥሶ የገባ ይቀጣ ነበር። እያንዳንዱ ገበሬ እንደ ፈቃዱ ቢያሳርፈው ኖሮ አንድ ክረምትም አያድርም ነበር። «የኔ በሬ ብቻ ትንሽ ይንጭ» ይባላላ! የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪመጣ ለብዙ መቶ ዓመት የቆየው በጋራ ተወስኖ፣ ጠባቂ ተሹሞለት ነው። ዛሬም ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እዚያ ያሉት ሰው ስለጠበቀው ነው።

እኛስ ዛሬ የማንን ቃል ነው የምንሰማው? የዕድርን! ጡሩምባ ከተነፋ ባለሱቁ ይዘጋል፣ መምህሩ ያስፈቅዳል፣ የተጣላውም ይመጣል። የቀረ ይቀጣል። ትልልቅ ሰዎችን ከሥራቸው አንስቶ አንድ ቦታ የሚሰበስብ ሌላ ኃይል በዚህ ሰፈር የለም። ድንኳን አለን። አግዳሚ ወንበር አለን። ድስት አለን። ይሄ ሁሉ ዕቃ የሚወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። በሕይወት እያለን አንድ ላይ የምንሆነው መዋጮ ስንከፍል ነው፣ እሱም ከፍሎ መሮጥ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። መዋጮ በምንከፍልበት እሁድ፣ ሒሳቡ ካለቀ በኋላ፣ ሁለት ሰዓት ይጨመርልን። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ ባዶ ነው፣ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሬአለሁ። አዲስ መዋጮ አልጠይቅም። ሁለት ኳስ እኔ አመጣለሁ። ገመድ አለን፣ የድንኳኑ ገመድ ሌላ ጊዜ ምን ይሠራል? ገበጣና ዳማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። መሮጥ የማትችሉ ወንበሩ ላይ ሆናችሁ ገበጣ ተጫወቱ፣ ጠጠር ሜዳው ላይ ሞልቷል። እናቶች ቡናውን ተራ በተራ፣ ወንዶቹም ጭምር። ቡናውን አንድ ሰው ላይ ከጣልነው እሷ ሥራ ላይ ናት፣ አልተጫወተችም። ለቅሶ ካለ ጨዋታው ይሰረዛል፣ እሱ አያጠያይቅም። ተፈናቅለው እኛ ሰፈር የተጠለሉትን ጎረቤቶቻችንንም እንጥራ። አባል ናቸው አይደሉም ብለን መዝገብ አናገላብጥ፣ ኳስ መዋጮ አይጠይቅም።

ደንቡ ውስጥ እንዲገባ እፈልጋለሁ፣ በቃል እንዳይቀር። «ቀሪ ይቀጣል» የሚለውም ይግባ። አዎ፣ የምሬን ነው! ባለመጫወቱ የሚቀጣ ሰው ይኑር በዚህ አገር።

ጸሐፊያችን እየጻፉ ነው፣ ጥሩ። ዳኛችን ደግሞ ሰዓታቸውን እያዩ ነው፣ ገባኝ። የቅጣቱን መጠን ለጉባኤው እተዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ከድምፅ በፊት ይለይልን። ገመድ ጉተታው ላይ፣ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተብለን ነው የምንከፈለው። ገንዘብ ያዣችን ቤታቸው መሃል አስፋልቱ ላይ ነው፣ ጉልበታቸውንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለየትኛው ወገን እንደሚጎትቱ አሁኑኑ እዚሁ ይንገሩን።